ቀይ ችካል

ጂኦግራፊ ተምሬ ተመረቅኩ ስል ሰው ሁሉ «ታዲያ ምን ልትሠሪበት ነው?» ይለኛል። እኔ እንጃ! ገና መመረቄ ነው፣ ትንፋሽ ስጡኝ። ብቻ ጂኦግራፊ ሽምደዳ ነው፣ ቀላል ነው የሚለኝን ሰው አላስጨርሰውም። ጎንደር አጠገብ ጠዳ ያለው ቦረቦር አፋፍ ላይ ቆሞ አያውቅማ።

አስራ አንደኛ ክፍል ነበርን፣ ጎንደር። መጽሐፉ አንድ ለሦስት ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ካርታ ታጥፎ ታጥፎ ሰሜን በኩል ተቀዷል፤ እኛ ያለንበት ቦታ ቀዳዳ ነው። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን፣ ቲቸር፣ ግን በካርታ እጥረት የሚሸነፍ ሰው አልነበረም። ኮንቱር፣ ማለትም የከፍታ መስመር፣ ሲያስተምረን እጁን ይጨብጥና የጣቶቹን አንጓ በእስክሪብቶ ዙሪያውን ክብ ክብ እያደረገ ይስለዋል። ከዚያ እጁን ይዘረጋዋል።

«ተራራው ተኛ። ይሄ ነው ካርታ። መስመሮቹ ሲጠጋጉ ምንድነው?»

«ገደል!» እንላለን በአንድ ድምፅ።

እናቴ ያን ሰሞን እጄን እያየች «ደብተር አልቆብሽ ነው?» ትለኝ ነበር።

ግንቦት ላይ መስክ እንወጣለን ተባለ። ከጠዳ አለፍ ብሎ፣ ጎርፍ ማሳውን እየሰነጠቀ የቆፈረው ትልቅ ቦረቦር አለ። የምንሠራው ነገር ቀላል ነው። ከአፋፉ ገባ ብለን ችካል እንቸክላለን፣ ከችካሉ እስከ አፋፉ ያለውን እንለካለን፣ ክረምቱ ሲያልፍ መስከረም ላይ ተመልሰን ደግመን እንለካለን። የጎደለው ክረምቱ የበላው ነው። ሳሩ ሲያድግ እንዳይጠፉን ብለን ችካሎቹን ቀይ ቀባናቸው፣ ከትምህርት ቤቱ በር በተረፈ ቀለም። ቀይ ችካል ለሌላ ሰው ምን እንደሚመስል ማናችንም አላሰብንም፣ ቲቸርም ጭምር።

ቦታው ስንደርስ ቲቸር ግማሾቹን ይዞ ወደ ቦረቦሩ ውስጥ ወረደና በመታጠፊያው ተሰወረ። እኛ ጥቂቶች እላይ ቀረን። ሜትሩን እኔ አፋፉ ላይ እይዛለሁ፣ አብራኝ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ችካሉ ጋ ሆና ታነባለች።

«ቶሎ በይ፣ ፀሐዩ አናቴን በሳኝ» አልኳት።

«ከወደቅሽ ሜትሩን ልቀቂው እሺ? የትምህርት ቤቱ ነው።»

እየሳቅን ነበር። ድንገት ከወዲያ ማዶ የሴት ጩኸት ተሰማ። «ኧረ ለኩት! መሬቱን ለኩት! የሰው ያለህ!»

መጀመሪያ ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ከየጎጡ ሰው ሲሮጥ አየሁ፣ ወደኛ። ዱላ የያዘ አለ፣ አንዱ ክላሽ አንግቷል። ከሁሉ ፊት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ በሬዎቻቸውን ከነሞፈሩ እርሻው መሃል ትተው፣ ጅራፋቸውን እንደያዙ። ደረሱና የሜትሩን ያኛውን ጫፍ ከጓደኛዬ እጅ ነጠቁ። እኔ የያዝኩትን አለቀቅኩም። ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ፣ ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኝ ነው። ሜትሩ በእሳቸውና በእኔ መሃል ተወጠረ።

«ማነው የላካችሁ?» አሉኝ።

«ተማሪዎች ነን አያ፣ ቦረቦሩን ነው የምንለካው» አልኩ።

«ቦረቦር? ምነው፣ ቤት ልትሠሩበት ነው?» አሉ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ባለፈውም ሸጋ ሸጋ ልጆች ናቸው የመጡት፣ ሜትር ይዘው። የወንድሜን ማሳ በቀይ ችካል ከበው ሄዱ። ዛሬ ማሳው የለም፣ ገረጋንቲ ተገልብጦበታል።»

ቲቸር ጩኸቱን ሰምቶ እያለከለከ ወጣ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ወረቀት አለን!» አለና ከትምህርት ቤቱ የተጻፈውን አወጣ። ተመስገን አልኩ በሆዴ። ክላሽ የያዘው ሰውዬ ወረቀቱን ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

«ማኅተም አለው» አለ።

«እነዚያስ ማኅተም አልነበራቸውም?» አለች ቅድም የጮኸችው ሴትዮ፣ የሽማግሌው ሚስት ናት። ሰዉ ይበልጥ ተጠጋን። ቲቸርን አየሁት፣ የመለሱለትን ወረቀት ማጠፍ አቅቶታል። አስተማሪ ሲፈራ አይቼ አላውቅም ነበር። እሱ ከፈራ እኛን ማን ያወጣናል?

«ንቀሏቸው» አሉ ሽማግሌው። «አንድ ሳይቀር። እስከዚያ ይቺ ልጅ እዚህ ትቀመጥ።»

ጓደኛዬን ነው። ሴትዮዋ እጇን ይዛ ወስዳ ግራሩ ሥር አስቀመጠቻት። በፈተና ሰዓት እንኳን አፏን የማትዘጋው ልጅ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

በጥፍራችንም በድንጋይም እየቆፈርን ነቀልን። ደመናው ጠዳ ላይ ጠቁሮ ወደኛ እየመጣ ነው። ችካሎቹን ግራሩ ጋ፣ ሽማግሌው እግር ሥር ደረደርናቸው። ቲቸር ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አንድ ጎደለ።»

«ደብቀውታል!» አለ አንዱ ከኋላ። «እሷን ትተው ሊሄዱ ነው! ችካሏ ካለች መሬቱ ተወሰደ!» ዱላው ከትከሻ ላይ ሲወርድ አየሁ። ጓደኛዬ ያኔ ማልቀስ ጀመረች፣ ድምፅ የሌለው ልቅሶ።

ሮጥኩ። የመጨረሻውን የቸከልነው ጓደኛዬ ቆማ ሜትር ስታነብ የነበረበት ጋ ነበር፣ ሰዉ ሁሉ መጥቶ የቆመበት። እዚያ ስደርስ ችካሉ ቀርቶ ቀዳዳውም የለም። ቀዳዳው መኖር የነበረበት ቦታ አየር ነው። በሆዴ ተኝቼ ወደ ታች አየሁ። ገና እርጥብ የሆነ የአፈር ጓል ታች ወድቋል፣ ከውስጡ ቀይ ጫፍ ይታያል።

«እዚህ ነው! አያ፣ እዚህ ነው! ተንዶ ነው!»

ሽማግሌው መጡና አጠገቤ ተንበረከኩ። ችካሉን ያያሉ ብዬ ነበር፤ እሳቸው የሚያዩት የተቆረሰውን ነው። ከኋላችን ያለው ትልም ቀጥ ብሎ ይመጣና አየር ላይ ያልቃል።

«ትናንት እዚህ ጋ በሬ አዙሬያለሁ» አሉ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ክንዴን ጨምድደው ወደ ኋላ ጎተቱኝ። «ተነሽ ከዚህ! ይናዳል እኮ!»

ታች የቀሩት ልጆች ችካሉን አወጡልን። ሽማግሌው ከሌሎቹ ጋር አስረው ብብታቸው ሥር ያዙት። ጓደኛዬን ለቀቋት። ሴትዮዋ «ውሃ ጠጥተሽ ሂጂ እንጂ ልጄ» አለቻት፤ እሷ ወደ ኋላ ሳታይ መጥታ እጄን ያዘችኝ። ዝናቡ አስፋልቱ ጋ ሳንደርስ ያዘን። ሚኒባስ ውስጥ፣ አዘዞን ካለፍን በኋላ፣ ጓደኛዬ «ሜትሩስ?» አለች። ሽማግሌው እጃቸው ላይ ጠቅልለውት ቀርቷል። ተመልሶ የሚጠይቅ አልተገኘም።

መስከረም ላይም ማንም እንሂድ አላለም። አስራ ሁለተኛ ክፍልም ቲቸር ነው ያስተማረን፤ አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሠንጠረዥ ሠራ። «ግንቦት» የሚለው ሥር ቁጥሩን ሞላ፣ «መስከረም» የሚለውን ሥር ባዶውን ተወው። አፋፉ የት እንደደረሰ፣ ትልሙ ከየት ላይ እንደሚቋረጥ፣ በሬዎቹ የት እንደሚዞሩ ሳስብ ክንዴ፣ ሽማግሌው የጨመደዱኝ ቦታ፣ ቀዘቀዘኝ።

ጓደኛዬ ጆሮዬ ሥር ተጠጋች።

«ሄደሽ እሳቸውን ጠይቂያ፣ ሜትሩ እሳቸው ጋ ነው።»

አልሳቅኩም። እሷም አልሳቀችም።