የኔታ ለዩፒኤሱ የሰፉለት ማኅደር

ቤታችን ኮምፒውተር የገባው እኔ ከምሠራበት መሥሪያ ቤት ወጥቶ ነው። ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥና የስብሰባ ዘመን መጥቶ አዳዲስ ማሽኖች ሲገዙ፣ አሮጌዎቹ በጨረታ ወጡና አንዱን እኔ ወሰድኩት። ዩፒኤሱም አብሮት መጣ፤ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን አሥር ደቂቃ ያህል የሚያቆይ፣ መጠኑን ሳይመስል የሚከብድ ጥቁር ሳጥን። በዚያ ዘመን ላሊበላ ላይ መብራት እንዳሻው ነበር የሚመጣና የሚሄደው። ሲሄድ ሳጥኑ ጢጥ፣ ጢጥ እያለ ይጮሃል፤ እኔም የጻፍኩትን አስቀምጬ እዘጋለሁ።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኛ ልጆቻቸውም የኔታ ነበር የምንላቸው። አባባ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም። ወንድሞቼ በየተራ እግራቸው ሥር ተቀምጠው ቅኔ ቆጠሩ። እኔን ሴት ስለሆንኩ ንባብና ዳዊት አስተምረውኝ አበቁ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ከግድግዳ ማዶ ሆኜ ሰማሁት። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው።

ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው ወንበሩን ለተተኪ ለቀው ቤት ዋሉ። ወንድሞቼ በየፊናቸው ሄደዋል፤ አብሬያቸው የቀረሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን በድንገት ጠየቁኝ።

«ያ ማሽንሽ ግዕዝ ይጽፋል?»

«ይጽፋል፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ተቀመጪ።»

ሊያጽፉኝ የፈለጉት የመምህራቸውን ቅኔዎች ነበር። በተማሪነታቸው ብልባላ በኩል ሳሉ ከመምህራቸው አፍ የያዟቸው ናቸው። ቅኔ ለዕለቱ ተዘርፎ ለዕለቱ የሚቀር ነው፤ ሰሚ ካልያዘው የለም። እነዚያን የያዙት ጓደኞቻቸው ሁሉ አርፈዋል። የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም መርሳት ጀምረዋል። ትናንት ያሉትን ዛሬ የሚያጡበት ቀን ነበር።

ከሥራ ስመለስ በርጩማቸውን ኮምፒውተሩ አጠገብ አድርገው ይጠብቁኛል። አንድ ቤት፣ ማለትም አንድ ስንኝ፣ ይሉልኛል፤ እኔ እንደ ተማሪ ጮክ ብዬ እመልሳለሁ። ንባቡን ካበላሸሁ ያስደግሙኛል። «ያዝሽ?» ይላሉ። «ያዝኩ» ስል ወደሚቀጥለው ያልፋሉ፤ እኔም እጽፋለሁ። ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ የአባቴ ተማሪ ሆንኩ። ቢሮ ቁጭ ብዬ ያንን ሰዓት እናፍቀው ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ይናፍቀኛል።

የኔታ ከኮምፒውተሩ ይልቅ ሳጥኑን ወደዱት። «ይሄ ታማኝ ነው፤ ሊጠፋ ሲል ይናገራል» እያሉ ዳበስ ያደርጉታል። ያኔ ሰፈራችን ድንጋይ ሊነጠፍበት ተቆፍሮ፣ አቧራው አልጋ ውስጥ ሳይቀር ይገባ ነበር። አንድ ቀን ስመለስ ሳጥኑ የቆዳ ማኅደር ለብሶ አገኘሁት። የአሮጌ ዳዊት ማኅደር ፈትተው፣ በዳበሳ ብቻ፣ በወስፌና በጅማት ልክክ አድርገው ሰፍተውለታል። ገመዶቹ የሚወጡበትን ቀዳዳ ትተው ሌላውን ደፍነውታል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ይመስል ማንገቻ ሁሉ አበጅተውለታል።

«አሁን አቧራ አይደፍረውም» አሉ።

ሳጥኑ ጎኑ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ሙቀቱን እንደሚያወጣ አውቃለሁ። መናገር ነበረብኝ። ግን ዓይናቸው የማያይ ሰው ስንት ቀን ደክመው የሰፉትን፣ «ያውልቁት» የሚል አፍ ከየት ይምጣ? ማንገቻውን አይቼ ሳቅሁና ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልኩ።

ወራት አለፉ። አንድ ዓርብ፣ ከሥራ መልስ፣ አምስት ቅኔ በላይ በላዩ መጣላቸው። እንደዚያ ዕለት ፊታቸው በርቶ አላውቅም፤ በርጩማው ላይ ሆነው በእጃቸው ጭምር ይሉ ነበር። እኔ ሳጥኑ ሲጮህ ማስቀመጥ ለምጄ፣ እንዳይቋረጡብኝ እየጻፍኩ ብቻ ቀጠልኩ። አምስተኛውን ጨርሰን «ያዝኩ» እንዳልኩ መብራት ሄደ። ሳጥኑ አንድ ጊዜ ብቻ ጢጥ አለና ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ጠፋ።

«አስቀመጥሽው?» አሉኝ።

«አስቀምጫለሁ፣ የኔታ።»

ደስታቸውን ላለማጥፋት ነው እላለሁ። ፈርቼም ነው።

እሑድ ቅዳሴ ሄደው ሳሉ፣ በሰንበት ካቻቢቴ መያዜን ይቅር ይበለኝ፣ ማኅደሩን አውልቄ ሳጥኑን ፈታሁት። ባትሪው ግራና ቀኝ ተነፍቶ ከማቀፊያው አልወጣ አለ። የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ላዩ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር በወረቀት ገልብጬ፣ ሁሉን ወደነበረበት መለስኩ። ወረቀቱን ደሴ ለሚመላለስ የአውቶቡስ ሹፌር ሰጠሁት።

«የሞተር ብስክሌት ባትሪ ነው?» አለኝ።

«አይደለም ወንድሜ፤ አንተ ዝም ብለህ ወረቀቱን አሳያቸው።»

ባትሪው እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ለየኔታ ሳጥኑ እንደተበላሸና መብራቱ ስለማይታመን ያለሱ እንደማንጽፍ ብቻ ነገርኳቸው። በዚያው ሰዓት እየመጡ በርጩማው ላይ ይቀመጣሉ፤ እጃቸውን ማኅደሩ ላይ ጣል ያደርጋሉ። ስለ ዓርቡ ቅኔ አንድም ቀን አላነሡም።

ባትሪው በመጣ ዕለት ካልረዳሁሽ አሉ። አራቱን ብሎን ፈትቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው፤ እንደ አደራ ጨብጠው ያዙልኝ። አሮጌውን ባትሪ እንደምንም ፈልቅቄ ሳወጣ ሌላውን እጃቸውን ዘረጉ። ዳበሱት።

«ምነው እንዲህ ተነፋ?»

«አርጅቶ ነው፣ የኔታ።»

ማኅደሩን አንሥተው ውስጡን ገለበጡ። ብራና ሲፍቁ፣ ቆዳ ሲያለፉ የኖሩ ጣቶች ናቸው። በአንድ ጎኑ ቆዳው ደርቆ ተኮማትሮ ነበር፤ ጣታቸው እዚያ ላይ ቆመ።

«ሙቀት ነው» አሉ። «አፍኜ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው። አውቄ ነው ያልነገርኩዎት።»

«ያን ዕለትም እንዳላስቀመጥሽው አውቃለሁ፤ የማሽንሽ ማራገቢያ ጸጥ ሲል ሰምቻለሁ። ሳጥኑ ሲጮህ አንቺ አንድም ቁልፍ አልነካሽም።»

«አንቱስ ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ማሳፈር ሆነብኝ፣ ልጄ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ተፋፍረን ተቀምጠናል። እኔ እሳቸውን እንዳላስከፋ፣ እሳቸው እኔን እንዳያሳፍሩ። ቅኔዎቹ ግን በየቀኑ ከአእምሯቸው እየሳሱ ነበር። እዚያው ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

«ተይ አሁን። ይልቅ ግጠሚው» አሉና ብሎኖቹን መለሱልኝ።

ቀዩን ሽቦ በቀዩ፣ ጥቁሩን በጥቁሩ ገጠምኩ። ሳጥኑ ራቁቱን ጠረጴዛው ሥር ተቀመጠ። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠርገው ያን ዓርብ የጀመሩትን እንደገና ጀመሩ። አራቱ ቅኔ ተመለሰ፤ ያ ዓርብ እንደ ውኃ ያፈሰሱትን አሁን አንድ አንድ እያሉ እየፈለጉ ነበር። አምስተኛው ሥላሴ የሚባለው የቅኔ ዓይነት ነው፤ ስድስት ቤት አለው። ሁለቱን ብለው ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም።

ሳላስበው ሦስተኛውን ቤት አልኩት። ያን ዓርብ ንባቡን አበላሽቼ ሁለቴ ያስደገሙኝ እሱን ነበር። የኔታ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ይዘሻል» አሉኝ።

ለወንድሞቼ ሲሉት ከግድግዳ ማዶ የሰማሁት ቃል ነው። ደስታዬን ግን አልጨረስኩትም።

«ቀጥዪዋ» አሉ።

አልያዝኩትም ነበር። ማሽኑ ይይዘዋል ብዬ በእጄ እንጂ በልቤ አልጻፍኩትም። እሳቸውም አጥተውታል።

«ቦታ ተዪለት፤ ይመጣ ይሆናል።»

ሦስት መስመር ባዶ ተውኩለት። ከዚያ በኋላ መብራት በሄደ ቁጥር ሳጥኑ ይጮሃል፤ የኔታም ቤቱን ገምሰው «አስቀምጪ» ይላሉ። እንዲሰሙት ብዬ ቁልፉን ጠንከር አድርጌ እመታዋለሁ። አዲሱ ባትሪ አሥር ደቂቃውን አንድም ቀን አላጎደለብንም። የሚያጽፉኝ ግን እያነሰ ሄደ፤ በቀጣዩ ክረምት አረፉ። ሦስቱ ቤት አልመጣም።

አሁን ላፕቶፕ ነው የምጠቀመው፤ ሳጥኑ አያስፈልገኝም። ማኅደሩ በማንገቻው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጽሑፉን ከማሽን ወደ ማሽን ስገለብጥ ባዶዎቹን መስመሮች አላጠፋኋቸውም። መብራት ሲሄድ አንዳንዴ ያንን ሥላሴ ጮክ ብዬ እጀምረዋለሁ፤ ሦስተኛውን ቤት ብዬ እቆማለሁ። «ያዝሽ?» የሚለኝ የለም።