«አንኮራ» ያለችው የልጅ ልጅ

እህቴ ጣሊያን አገር አግብታ የወለደቻት ልጅ ከጣሊያንኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አትሰማም። ዳንግላ የሚኖሩት አባታችን፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ያለአስተርጓሚ ለማናገር ቆርጠው ተነሡ። እህቴ ሳታማክራቸው ስላገባች ለረጅም ጊዜ አኩርፈዋት ስለነበር፣ ከልጅቷ ጋር ያለውን እንኳ በራሳቸው አፍ ሊያቀኑት ፈለጉ።

ማስተማሩ በእኔ በጋዜጠኛው ላይ ወደቀ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእንጅባራ በሚኒባስ እሄድና ከስልኬ ላይ ሰዋስው አነብላቸዋለሁ። አያት «ኖኖ» ይባላል፤ ሁለተኛው «ኖ» ካልጠበቀ ግን «ዘጠነኛ» ማለት ይሆናል። ይህ አላስቸገራቸውም።

«የበዓሉን ገና ካልደረሰው ገና አይደል እንዴ የምለየው?» አሉ።

ካቻቪቴ፣ የብሎን መፍቻው፣ ከሁለት ቃል የተገጣጠመ ነው፤ «ካቻ» መንዳት፣ «ቪቴ» ብሎን።

«ብሎን ነጂ? ታዲያ እሱም ሾፌር ነዋ!»

ያልደረስንበት አንድ ነገር ነበር። ጣሊያኖች ከአንድ ቃል ውስጥ አንዱን ክፍል ጫን ብለው ያነሡታል፤ ጫናው ቦታ ሲቀይር ትርጉሙም ይቀየራል። የእኛ ጆሮ ይህን አልለመደም።

በቪዲዮ ተደወለ። አባባ «ካቻቪቴ!» አሉ። ልጅቷ በሳቅ ፍርስ አለች።

«አንኮራ! አንኮራ!»

የአባባ ፊት ተለወጠ። «ኮራ ነው የምትለኝ? እናቷን ማኩረፌን ማን ነገራት?» ስልኩን እጄ ላይ ጥለው ወደ ግቢ ወጡ።

እህቴ ነገሩ ሲገባት፣ «እንደገና በል ነው እኮ የምትለው!» ብላ ጮኸች። «ኮ» ላይ ሲጫኑት «እንደገና»፣ «አን» ላይ ሲጫኑት የመርከብ መልህቅ ነው። ሮጬ ነገርኳቸው።

«አንተ ጋዜጠኛ፣ ወሬ ማጣራት ሥራህ አይደለም?» አሉኝ፤ እንደ ማፈር ብለው። «በሉ፣ ይግቡና ያናግሯት» ብላቸው፣ «በሚቀጥለው» አሉ።

ከዚያ በኋላ በአካባቢያችን ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። አባባ በር ላይ ተቀምጠው «ኮ»ን እየተጫኑ ይለማመዱ ነበር፤ በመጨረሻ ከእኔ በተሻለ ይሉት ጀመር።

ኔትወርኩ ሲመለስ ልጅቷ ትምህርት ቤት ገብታለች። እናቷ ወደ ስልኩ ስትስባት ከጀርባዋ ተሸሸገች።

«አፍራ ነው፣ አባባ።»

አባባ «አንኮ…» ብለው ጀመሩና ተዉት።

«ተያት፣ አታስጨንቂያት» አሉና፣ እዚያ ብርዱ እንዴት እንደሆነ እህቴን ይጠይቋት ጀመር።