እትየ ዘነቡ ካርታ ሲደፉ

ከጋይንት፣ ከንፋስ መውጫ ከተማ በወጣሁበት ቀን ዋዜማ፣ ቤታችን ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። የሚያለቅስ ባይኖርም ሁሉም ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሏል። እናቴ የምሄደው በመተማ ቆላ በኩል መሆኑን እየነገርኋት "ጋቢህን እንዳትረሳ" ትለኛለች። ትርንጎ በር ድረስ ወጣች። እጮኛዬ ናት፤ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቃል ተቀብለን፣ የቀረን ሠርጉ ብቻ ነበር። "ጠብቂኝ፤ እወስድሻለሁ" አልኋት። "እሺ" አለች። ሊነጋጋ ሲል ሚኒባስ ተሳፈርሁ።

ሱዳንን፣ ሊቢያንና ባሕሩን ዘልዬ ልለፈው። ያያችሁት ታውቁታላችሁ፣ ያላያችሁት ባታዩት ይሻላል። እግዜር ይመስገን፣ ማልታ ወጣሁ።

ማልታ በባሕር የተከበበች የድንጋይ ደሴት ናት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የጉና ተራራ ብርድ ናፈቀኝ ስል በራሴ ሳቅሁ፤ ያን ብርድ ስረግም አይደል ያደግሁት? ሳምቡሳ የሚመስል ፓስቲዚ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ ውስጡ አተር ነው ብዬ ጾሙን በሙሉ ስበላው ከርሜ፣ ሊጡ በስብ እንደሚታሽ የነገሩኝ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሰላምታቸው ደግሞ "ሃሎ" ብሎ ማለፍ ነው፤ እኛ ገና ስለ ከብቱ ደህንነት ሳንጠይቅ ሰውየው መንገዱን ተሻግሯል።

አገሬ የሒሳብ መምህር ነበርሁ፤ እዚህ የሆቴል ሳህን አጥባለሁ። የተከራየሁት ከሚስተር ካርሜኑ ነው፤ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ናቸው። በገባሁ ለት የቤቱን ሕግ ነገሩኝ።

"የሚሸት ነገር አይበስልም።"

"ሽሮ ይሸታል ይባላል?"

"ላይኛው ክፍል ያለችው ሴትዮ ስትሠራው ጎረቤቱ ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቅ።"

"ምን ብለው?"

"እኛን መቼ ነው የምትጠራን እያሉ።"

ላይኛው ክፍል ያሉት ሴትዮ የአገሬ ሰው ሆነው ተገኙ፤ እትየ ዘነቡ፣ ስማዳ ወረዳ፣ ወገዳ ከተማ የግብርና ባለሙያ የነበሩ። አሁን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራሉ። ድምፃቸው ትልቅ ነው፣ ሳቃቸው ይብሳል፤ ሲያሸንፉ ደግሞ ጉራቸው አይቻልም። እንግሊዝ ለመሻገር ብዙ ጊዜ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ኖሩ። አንድ ቀን ጠዋት ግን ልብሳቸውን አውጥተው ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀሉና የማልታን ቋንቋ መማር ጀመሩ። ይህን የነገሩኝ ሚስተር ካርሜኑ ናቸው።

እሑድ ከሰዓት ሦስታችን ካርታ እንጫወታለን፤ መያዣችን ደረቅ ባቄላ ነው። ጨዋታው ኦማሃ ይባላል፤ ከፖከር ወገን ነው። ለያንዳንዱ ሰው አራት ካርታ ይታደላል፤ መሐል ላይ የሁሉም የሆኑ ካርታዎች በየተራ እየተገለጡ አምስት ይሆናሉ። ከእጁ ሁለት፣ ከመሐሉ ሦስት ወስዶ የበለጠውን ያሳየ ይበላል። አንዱ ባቄላ ሲገፋ ሌላው ወይ እኩል ይገፋል፣ ወይ ካርታውን ደፍቶ ይወጣል። መድፋቱን ፎልድ ይሉታል።

እኔ መድፋት አልሆንልህ አለኝ። አንደኛ፣ ሽማግሌ "እንካ" ብለው ባቄላ ሲገፉ እምቢ ማለት ጠላ ሲቀዱልኝ ብርጭቆዬን እንደመሸሸግ ነውር ይመስለኛል። ሁለተኛው ይከፋል። እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩት ቄስ አጎቴ ይሁዳን የጣለው ከመካዱ ይልቅ ተስፋ መቁረጡ ነው እያሉ ነው ያሳደጉኝ። ስለዚህ አንድ ካርታ ብቻ ሲጎድለኝ፣ ገና ሊገለጥ እየተቻለ እንዴት ብዬ እጥላለሁ? እስከ መጨረሻው እጠብቃለሁ። ሰኞ ሰኞ ባቄላ የለኝም።

አንድ እሑድ መሐል ላይ ሁለት ቀይ ልብ ተገለጠ። እኔም እጄ ላይ ሁለት ልብ ነበረኝ፤ ትልቋ ንግሥቲቱ ናት። አንድ ልብ ከመጣች አምስት ልብ ይሞላልኛል፤ አምስቱም አንድ ዓይነት ሲሆን ትልቅ እጅ ነው። ሚስተር ካርሜኑ አንድ እፍኝ ገፉ። እትየ ዘነቡ ካርታቸውን አንዴ አዩት፣ ሚስተር ካርሜኑን አንዴ አዩዋቸው፣ ደፉና ሻያቸውን አነሡ። እኔ ገፋሁ። ልቧ መጣች። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ያለኝን ባቄላ በሙሉ ገፋሁት። ሚስተር ካርሜኑ የልብ አስን ከሌላ ልብ ጋር ዘረጉ። እሳቸውም አምስት ልብ ሞላላቸው፤ አስ ደግሞ ከሁሉ ትበልጣለች።

ይኸኔ እትየ ዘነቡ የደፉትን ገለጡት። ሁለት ልብ፤ አንዱ ንጉሡ።

"ከኔ የሚበልጥ ይዘው ነው የጣሉት?" አልኋቸው።

"እህሳ። ሽማግሌው ያለ አስ እፍኝ ሙሉ እንደማይገፋ እስካሁን አታውቅም?"

"ልቧ እኮ ልትመጣ ትችል ነበር፤ መጣችም።"

"አይ ጋይንቴ። አንተ ሁልጊዜ ትመጣለች ወይ ነው የምትል። ብትመጣስ?" ብለው ወንበራቸውን ወደኔ አዞሩ። "እኛ ቆላ ማሽላ በሚያዝያ ይዘራል። ዝናቡ ቀረ እንበል። ሐምሌ ላይ ገበሬው ምን ያደርጋል?"

"ገልብጦ ጤፍ ይዘራል።"

"ለምን? ሐምሌ ላይኮ ዝናብ አለ።"

"ማሽላው ቢበቅልም ፍሬ ሳይቋጥር ዝናቡ ይወጣበታል።"

"በል እንግዲህ። ያ ገበሬ ተስፋ ቆረጠ ይባላል? እዚህ ጨዋታ ሁሉም አራት አራት ይዟል፤ ያንተ ሲሞላ የሌላውም ይሞላል። መጥታም ሁለተኛ የምታደርግህን ካርታ አትጠብቃት።"

ኩራታቸው ደስ አለኝ። ንጉሥን ያህል ነገር ጥሎ ሻይ መጠጣት፣ ይህን የሚችል ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም።

በዚያው ሳምንት ስለ መኖሪያ ወረቀቴ ልጠይቅ የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ሄድሁ። ወረቀቱ ሲመጣ ትርንጎን ለማስመጣት ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቅሁ።

"የጋብቻ ምስክር ወረቀት አለህ?" አለችኝ ሠራተኛዋ።

"ገና እጮኛ ናት። ግን ሽማግሌ ልከናል።"

"ሽማግሌዎቹ የት ናቸው?"

"ጋይንት።"

መጻፏን አቆመች። "እነሱም መምጣት ይፈልጋሉ?"

ሳቄም ንዴቴም እኩል መጣ። እሷ ግን ክፉ አልነበረችም፤ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የምጠብቀው ወረቀት ቢሰጠኝ እኔን ያኖረኛል እንጂ እጮኛ አያስመጣም። ከቢሮው ስወጣ የእትየ ዘነቡ "ብትመጣስ?" ትዝ አለኝ። ስንት ዘመን ለትርንጎ "ትንሽ ነው፣ ሊመጣ ነው" ስላት ኖሬ፣ ቢመጣስ ብዬ አላውቅም።

እትየ ዘነቡን አማከርኋቸው። ጉራቸው ሁሉ ጠፋ። "እኔ የማውቀው ስለ ባቄላ ነው፣ ልጄ" አሉኝና ሽሮ አቀረቡልኝ።

እሑድ ከጨዋታው ቀርቼ ደወልሁላት።

"ትርንጎ፣ ወረቀቱ ቢመጣም ላስመጣሽ አልችልም። አትጠብቂኝ።"

ከበስተኋላዋ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማኛል።

"ይኸን ማን ወሰነ?"

"እኔ። ላንች ብየ ነው።"

"ጠብቂኝ ስትለኝ አልጠየቅኸኝም" አለች። አልተቆጣችም፤ በሽተኛ እንደምታናግር ቀስ ብላ ነው። "አሁንም አትጠብቂኝ ስትለኝ አልጠየቅኸኝም።"

እውነቷን ነው። የራሴን ካርታ መድፋት ተማርሁ ብዬ ስኮራ፣ የሷን ሳላየው አብሬ ደፍቼው ኖሯል።

"እንግዲያ ልጠይቅሽ?"

"ጠይቀኝ።"

ምን ብዬ እንደምጠይቃት አላውቅም ነበር፤ እሷም አልዘጋችውም።