በአሮጌው ድምፃዊ የተጣሉ እህትና ወንድም

ሚጢ የሚሏት ቤተሰቦቿ ናቸው፤ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች። ሃምሳዎቹን ብታጋምስም ስሙ አልለቀቃትም። ሥራዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው፤ ጄሶና ሰም ፊቷ ደርድራ ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ትውላለች። አጠገቧ ሁልጊዜ ሙዚቃ አለ። እሱም ከታላቅ ወንድሟ የወረሰችው አመል ነው።

ወንድሟ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበር። በወጣትነቱ የአንድ ፕሮግሬሲቭ ሮክ ባንድ ፍቅር ያዘው። አንዱ ዘፈናቸው የሸክላውን አንድ ገጽ ሙሉ ይይዛል፤ ላጨብጭብ ያለውን ሰው ምቱ መንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ሚጢን ገና ልጅ ሳለች አጠገቡ አስቀምጦ "ኦርጋኑን ተከተዪ፣ ጊታሩን ተዪው" እያለ አስለመዳት። እሷ ግን ጊታሩን መረጠች። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ባንድ ተስማምተው አያውቁም፤ አዲስ ነገር በወጣ ቁጥር ቤቱ በክርክር ይናጥ ነበር።

ኋላ ወንድሟን ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ ቃላትም በስንት መከራ ነበር የሚወጡለት። ጠያቂ ሁሉ አልጋው ጠርዝ ላይ እየተቀመጠ፣ ያለውን ሁሉ "ልክ ነህ፣ ልክ ነህ" ይለዋል። እሱ ይሄኔ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

በዚያው ሰሞን ባንዱ ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ አልበም አወጣ። ሚጢ ሥራ ቦታዋ ሆና ሰማችውና ልቧ ስብር አለ። ድምፃዊው አርጅቷል፤ ያ ጣራ ይነካ የነበረ ድምፅ መሬት ለመሬት ይሄዳል። አጫጭሮቹ ዘፈኖች ደግሞ ሬዲዮ ጣቢያ ደጅ የሚጠኑ ይመስላሉ። ቢሆንም ይዛለት ሄደች፤ አብረው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

"እ... እንዴት ነው?" አላት።

ልታባብለው አሰበችና ተወችው። "ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርህ? ባያወጡት ይሻል ነበር። ረጅሙ ዘፈን ላይማ ሰውዬው ትንፋሽ ሲያጥረው ይሰማል። ምናለ ቀረጻውን ቢደግሙት?"

"አይ... አይደለም።" ዐይኑ በራ። "ሆን ብለው... ነው የተዉት።"

"ስንፍና ነው!"

"ደንቆሮ ነሽ!" ቃሉ ሳይቆራረጥ ወጣ።

ባለቤቱ እርጥብ እጇን እየጠረገች ከማድቤት ደረሰች። "ምን ነካሽ አንቺ? ከታመመ ሰው ጋር አተካሮ?"

"ተያት" አለ ወንድሟ። "ሌላው ሰው... ቀብሮኛል። እሷ... አሁንም ትጣላኛለች።"

ባለቤቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ሚጢ ከሥራ ስትወጣ ሳትገባ አታልፍም። እሱ ኦርጋኑ እንደ ድሮው ነው ይላል፤ እሷ አዲሱ ከበሮ መቺ ይቸኩላል ትላለች። ቃል ሲያጥረው በግራ እጁ ብርድ ልብሱን እየመታ ምቱን ያሳያታል። በከበሮው ነገር አንድ ቀን አመነላት። በሌላው ግን ወይ ፍንክች!

ክረምቱ ሳይገባ ስትሮኩ ዳግመኛ መጣ። ከዚያኛው አልተነሣም።

ቀብሩ አልፎ ሰው ሲበተን፣ ባለቤቱ ሚጢን አስቀረቻት። "እስቲ ያንን ረጅሙን ክፈቺው። ምኑ ላይ ነበር የምትጣሉት?"

ከፈተችላት። ባዶው አልጋ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሰሙ። ድምፃዊው ከፍ ሊል ሲል፣ ያ ትንፋሽ መጣ።

"እዚህ ጋ" አለች ሚጢ። ወንድሟ ሞቶም ቢሆን ልትዋሽለት አልቻለችም፤ አሁንም መድገም ነበረባቸው ባይ ናት። እንባዋ ግን ይወርዳል።

ባለቤቱ አቀርቅራ እስከ መጨረሻው ሰማች። "ሁለታችሁም ተሳስታችኋል" አለች ቀስ ብላ። "ሰውዬው ትንፋሽ አላጠረውም። ሊያለቅስ ብሎ ነው የዋጠው።"

ሚጢ አፍንጫዋን ጠረገች። "ኧረ እትዬ፣ የምን ለቅሶ? ደግመሽ ስሚው እስቲ" አለችና ዘፈኑን ከመጀመሪያው አስነሣችው።