የወርቅቱ ካቢኔ

ወርቅቱ ከባሏ ከኦቦ ነገሳ ጋር ሠላሳ ሰባት ዓመት ሰበታ ላይ ስትኖር፣ እሱ ያልመረጠላት ነገር ቢኖር ጎረቤቶቿን ብቻ ነው። የጣሪያውን ቀለም እሱ፣ የሳሎኑን ምንጣፍ እሱ፣ የላሟን ስም ሳይቀር እሱ! ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም እኮ፤ አፉ ይቀድመዋል። እሷ "እኔ እንኳን..." ብላ ሳትጨርስ፣ እሱ ገዝቶ፣ አስጭኖ፣ ቤት ደርሷል።

ታዲያ የማድቤቷ አሮጌ መደርደሪያ በስብሶ ድስቶቹን ይዞ የወደቀ ዕለት፣ ወርቅቱ ወገቧን ያዘች።

"ስማ ነገሳ፣ ይሄን የምመርጠው እኔ ነኝ! አዲሱ እስኪገጠም ስለ ማድቤት አንዲት ቃል አትተነፍስም። ማል!"

"ብተነፍስ ሊሊን አያሳየኝ!" አለ እየሳቀ። ሊሊ አንድ ልጁ ናት፤ በሷ ከማለ አበቃ።

መሃላው ስለ ማድቤት ብቻ ነበር። ግን ነገሳ ስለ በቆሎ ጀምሮ ምድጃ ላይ ሳይደርስ የሚያቆም ሰው አይደለምና፣ ለጥንቃቄ ጭራሽ አፉን ለጎመ።

በማግስቱ ቡራዩ ወደሚሠራው ካቢኔ ሠሪ፣ አክመል ዘንድ ሄዱ። ወርቅቱ በዘንቢሏ ሎሚ፣ እርድና ዘይት ይዛለች። አክመል ኤምዲኤፍ የሚሉትን፣ ከእንጨት ዱቄት የተጠፈጠፈ የሚያብረቀርቅ ጣውላ አቀረበላት።

"ወላሂ እማማ፣ ዘመናዊ ነው! ሰው ሁሉ ይሄን ነው የሚያሠራው።"

"ውሃ ሲነካውስ?"

"ኧረ ምንም አይለው!"

ቁራጩን ባልዲ ውስጥ ነከረችው። ምሳ በልተው ሲመለሱ ጠርዙ እንደ ዳቦ ኩፍ ብሏል። አክመል ራሱን አከከ።

ነገሳ ደግሞ ካቢኔው ላይ የሚነጠፈውን ነጭ እብነ በረድ ሲያይ ልቡ ሸፈተ። ይዳብሰዋል፣ ዓይኑን ያጉረጠርጣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

"ጉንፋን ያዘህ እንዴ?" አለችው፤ ልቡን እያወቀችው! ከዚያ ሎሚዋን ጠብ አደረገችበት። ቆይተው ሲጠርጉት ነጭ ክብ ምልክት ቀረበት። ጥቁሩን ግራናይት ግን እርድም ዘይትም ብትቀባው፣ አንዴ ሲወለወል ምንም አልመሰለው። "ይሄን፤ ካቢኔውን ደግሞ በዋንዛ" አለች። ነገሳ እስከ ሰበታ ድረስ ሲቃትት መጣ። ወርቅቱም ፈራች። ይሄ አፍ ካቢኔው ከሚገጠምበት ከሐሙስ በፊት ከተከፈተ፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ እንደሚመጣ ታውቃለች።

ጎረቤቷ ፀዲ በአጥር በኩል ብቅ አለች። "ኦቦ ነገሳ ምን ነክቷቸው ነው ሰላምታው በጭንቅላት የሆነው?"

"ተያቸው፣ ሐሙስ እኮ አዲስ ካቢኔ ሊገባ ነው። የድሮውማ በስብሶ አልነበር!"

እንግዲህ ካቢኔ በእኛ ሰፈር ሁለት ነው። አንደኛው ድስት ይይዛል፤ ሁለተኛው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ፀዲ የሰማችው ሁለተኛውን ነው። ሳይመሽ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ ኦቦ ነገሳ ተሹመው ካቢኔ ገቡ ተባለ።

ከዚያማ ጉድ ፈላ! ሰው ሁሉ ከመቀመጫው እየተነሳ "ባጋ ገመዳን ኦቦ፣ እንኳን ደስ ያለዎት!" ይለው ጀመር። "ካቢኔ ገቡ የሚባለው እውነት ነው?" ሲሉት ምን ይበል? ካቢኔ የማድቤት ነገር ነው፤ መሃላ አለበት። ጣቱን አፉ ላይ ያደርጋል። "አያችሁ፣ ምስጢር ነው!" ይባባላሉ። ወርቅቱን "እንኳን ደስ ያለሽ" ሲሏት፣ እሷ የዋሂት፣ ሰው ለማድቤቷ እንዲህ ማሰቡ አስገርሟት "ሐሙስ ኑና እዩት" ትላለች።

መጡ! ሐሙስ ጠዋት ሰፈሩ ነጠላና ጋቢውን ለብሶ ግቢውን ሞላው። ከፊት ጎረቤታቸው ባይሳ ቆሟል፤ መንገዱን ጎርፍ እየወሰደው ነው፣ ቦይ ይሠራልን የሚል፣ የሰማይ ስባሪ የሚያህል የአቤቱታ ወረቀት ይዞ። ጭነት የያዘ አይሱዙ ደረሰና አክመል ወረደ።

"ካቢኔው የማነው?"

ሁሉም ወደ ነገሳ ጠቆመ።

"እሳቸው?" አለ አክመል። "እሳቸውማ መናገርም አይችሉ! የመረጡት እማማ ናቸው። በሉ እንጨቱን አውርዱ፣ ማድቤቱ የት ነው?"

ፀዲ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ፤ ግን ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም፤ እስኪገጠም ቆሞ አየ።

የመጨረሻው ብሎን ሲጠብቅ ወርቅቱ ወደ ባሏ ዞረች።

"በል፣ አሁን ተናገር።"

ነገሳ ግራናይቱን ዳበሰ። የዋንዛውን በር ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ።

"እኔ ብሆን ነጩን ነበር የማስመጣው" አለ።

ወርቅቱ ፊቷን አዞረች።

"እሳሳት ነበር፣ ወርቅዬ።"

በሠላሳ ሰባት ዓመት ይሄን ቃል ከዚህ ሰው አፍ ሰምታ አታውቅም። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ባይሳ ወረቀቱን ከነገሳ ደረት ፊት መልሶ ወደ እሷ ዘረጋው። "እንግዲያው ይሄ የርስዎ ነው፣ እማማ። ኦቦ ነገሳን ዝም ያሰኘ ሰው ማዘጋጃ ቤቱን ማናገር አያቅተውም።"

ወርቅቱ ወረቀቱን ተቀብላ ጥቁሩ ግራናይት ላይ ዘረጋችው።

"መነጽሬን አምጣልኝ" አለችው ነገሳን።

ምንም ሳይል ሄዶ አመጣላት።