የዋሲል ቤት አሥራ አምስት ዲግሪ

ዋሲል ሁናቲዩክ ገብጋባ ነው የሚል ሰው ካለ እኔ ኔስቶር አልስማማም። የጎረቤቱ ጎተራ በተቃጠለ ጊዜ ከራሱ ድርቆሽ ግማሹን ጭኖ የሄደ ሰው እንዴት ገብጋባ ይባላል? ዋሲል ፈሪ ነው። ተኩላም ሌባም አይፈራም፤ የሚፈራው የመንግሥት ወረቀት ነው። ይህን ከማንም በላይ አውቅ ነበር፤ እያወቅሁም አጠፋሁ።

ሰባ አራት ዓመቱ ነው። በካናዳ ከዳውፊን ከተማ ወደ ሰሜን በምትገኘው መንደራችን ስንዴና ካኖላ የሚባል የቅባት እህል ሲያርስ ኖሮ፣ ጉልበቱ ሲደክም መሬቱን አከራይቶ ከሚስቱ ከፓራስካ ጋር በአባቱ ቤት ተቀመጠ። ቤቱ ሰፊ ነው፣ መስኮቶቹ ግን አርጅተዋል። የሚሞቀው በፕሮፔን ጋዝ ነው፤ ቦቴ መኪና እየመጣ ጓሮ ያለውን ታንከር ይሞላለታል። ሂሳቡ ላይ ለብቻዋ የምትጻፍ አንዲት መስመር አለች፤ የካርቦን ግብር ትላለች፣ በሚነደው ጋዝ ልክ ለመንግሥት የምትከፈል። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ዋሲል የሚያነባት እሷን ብቻ ነበር። የጋዙ ዋጋ ራሱ የግብሩን ስንት እጥፍ እንደሆነ አይቶም አያውቅም። እኛም አላሳየነውም።

እኛ ማለቴ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በኅብረት ሱቁ ካፌ ረጅሙን ጠረጴዛ የምንይዝ ሽማግሌዎች ነን። የቡና ረድፍ ይሉናል። ዳይስ እንወረውራለን፣ የተሸነፈው የሁላችንንም ይከፍላል፤ ከዚያ ማማረር ነው። ረድፉ ያልተጻፈ ሕግ አለው፦ የቀናው ሰው ዝም ይላል። አዝመራው ያማረለት ሰው ቢጠየቅ «እንዲያው፣ አይከፋም» ይላል እንጂ ጎተራዬ ሞላ አይልም። አባቶቻችንም እንደዚሁ ነበሩ። ኪሳራ ግን እንደ ልብ ይወራል።

ስለ ግብሩማ አርቪድን የሚያህል የለም። አርቪድ ድሮ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር፤ ድምፁ አሁንም ከሞተር ጋር የሚፎካከር ነው።

«ብርድ የፈጠረው እግዜር፣ የሚያስከፍለን ኦታዋ!» ይላል። «ነገ ደግሞ በየትንፋሹ ያስከፍሉናል፣ ታያላችሁ!»

እኔም ከእሱ አላንስም ነበር። «ዋሲል፣ አንተ ጋዝ የምትሞላው ለእነሱ ነው እንጂ ለራስህ አይምሰልህ» ያልኩት እኔ ነኝ። ሳቁ። ዋሲል ግን አልሳቀም፣ ቤቱ ሄዶ የሙቀት መቆጣጠሪያውን አሥራ አምስት ላይ አደረገው።

እውነቱን ልናገር፣ ነገሩ ለእኔም ግራ ነው። አንድ ቀን በሬዲዮ ሁለት ፖለቲከኞች ቀርበው ስለ ግብሩ የወጣውን አንድ ሪፖርት ተቀባበሉት። አንደኛው «እዩ፣ አብዛኛው ቤተሰብ ያተርፋል» አለ። ሌላው ያንኑ ሪፖርት ገልጦ «እዩ፣ አብዛኛው ቤተሰብ ይከስራል» አለ። ሁለቱም የገጹን ቁጥር ጠሩ። እኔ አርባ ዓመት በእህል መጋዘን እህል ስመዝን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ጆንያ ሁለት ክብደት ሲኖረው ያየሁት ያን ቀን ነው። ዞረብኝ፣ ሬዲዮውን ዘጋሁት።

ፓራስካን ግን ማንም አልጠየቃትም። ጣቶቿን ቁርጥማት ይዟቸዋል። ሁለት ክረምት ካፖርቷን ለብሳ ሊጥ አቦካች፣ ድንች በሊጥ የሚጠቀለልበትን ቫሬኒኪዋን ሞልታ ጠርዙን ለመቆንጠጥ ጣቶቿ እምቢ ሲሏት ምድጃው በር ላይ እያሞቀቻቸው ሠራች። «በረደኝ» ስትለው ዋሲል ሂሳቡን አምጥቶ «ይችን አታይም?» ይላታል። ባለፈው ኅዳር ሻንጣዋን ይዛ ዊኒፔግ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ሄደች። በር ላይ «ቤቱ ሲሞቅ ጥራኝ» አለችው፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም። በሃምሳ አንድ ዓመት ትዳራቸው ተለያይተው አድረው አያውቁም። ዋሲል የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ ለገናችን ዋዜማ፣ እንደ አባቶቻችን ወግ አሥራ ሁለቱ የጾም ምግብ ሲቀርብ፣ ፓራስካ ገበታው ራስ ላይ እንድትቀመጥ።

በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ ጠዋት ፖስታ ይዞ ረድፉ ላይ መጣ። ፊቱ ጥሩ አልነበረም። ዳይሱንም አልነካው።

«ጓዶች፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ግን ከዚህ እንዳይወጣ» አለ።

«ምነው፣ አረገዝክ እንዴ?» አለ አርቪድ። ሳቅን።

ዋሲል የባንክ ወረቀቶቹን ዘረጋ። በየሦስት ወሩ ገንዘብ ገብቷል፣ ስድስት ጊዜ። አጠገቡ «ካናዳ» ከሚለው በቀር ትርጉም የሌለው ምሕጻረ ቃል ተጽፏል።

«ተሳስተው የሚልኩልኝ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የወንድሜን ልጅ ታስታውሳላችሁ፣ በወረርሽኙ ጊዜ የበላውን የመንግሥት ድጎማ ሁሉ መልስ አሉት። እኔ አንዲት ሳንቲም አልነካሁም። ብጠይቅ ይነቁብኛል ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን ጨነቀኝ። ለጋዝ ባውለው፣ ፓራስካ እስክትመጣ ብቻ... ከዚያ ቀስ ብዬ እመልሳለሁ። ያስሩኛል?»

አርቪድ ሲኒውን ማማሰል ጀመረ፤ ቡናውን ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

አስተናጋጇ ዶሪን ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ከጀርባው ቆማ ነበር። አጎንብሳ ወረቀቱን አየችና «እንዴ፣ የግብሩ ተመላሽ ነው እኮ!» አለች። «የካርቦን ግብሩን ሰብስበው መልሰው የሚያካፍሉት። ለእኔም ይገባልኛል፣ ለልጆቹ ጫማ እገዛበታለሁ። ለሁሉም ሰው ነው፣ አባባ ዋሲል።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም። ለነዚህም ጭምር።» በማንቆርቆሪያዋ ጠቆመችን። «ምነው፣ አልነገራችሁትም?»

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዋሲል ወደ እኔ ዞረ።

«ላንተም ይገባልሃል?»

«ይገባል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

«ምን ገዛህበት?»

ልዋሽ አሰብኩ፣ አፌ አልታዘዝ አለኝ። «የበረዶ ላይ ዓሣ ማጥመጃ ድንኳን» አልኩት። ማሞቂያ እንዳለው አልነገርኩትም፤ ድንኳኔን ግን አይቶታል፣ ገብቶም ቡና ጠጥቶበታል።

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ግንባሩን አኮማትሮ እንደ ተማሪ ማሰብ ጀመረ። «ቆይ» አለ። «ከወሰዱ በኋላ የሚመልሱ ከሆነ ለምን ይወስዳሉ?»

«ጋዝ ቀንሰህ እንድታነድ ነዋ» አለች ዶሪን።

«ቀንሼ ነው ያነደድኩት። ሚስቴ ሄደች።»

«ያ አይደለም፣ አባባ፤ ተመላሹ አለልሃ።»

«በተመላሹ ጋዝ ከገዛሁበት ታዲያ ምኑን ቀነስኩ?»

ዶሪን ማንቆርቆሪያዋን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች። አርቪድ «እኔ የምለውስ ይህንኑ አይደል!» ብሎ ጀመረና ማንም ስላላየው ተወው። መልሱን እኔ ዛሬም ብትጠይቁኝ አላውቀውም። አንድ የተማረ ሰው አስረድቶኝ ያን ቀን ገብቶኝ ነበር፣ በማግስቱ ጠፋብኝ።

ዋሲል ወረቀቱን አጣጥፎ ተነሣ። ብቻውን ይሂድ ማለት አላስቻለኝም፣ ተከተልኩት። ቤቱ ስንገባ ትንፋሻችን የሚታይ መሰለኝ። ኮቱን ሳያወልቅ በቀጥታ ወደ መቆጣጠሪያዋ ሄዶ ሃያ ሁለት ላይ አደረጋት። ማሞቂያው ከምድር ቤት አጓራ። ሁለታችንም ወጥ ቤት ተቀምጠን ጠበቅን፣ እንደ ሐኪም ቤት ወረፋ። ወደ አምስት ሰዓት ግድም እኔ በሸሚዜ ብቻ ቀረሁ። ዋሲል ስልኩን አነሣ። ጆሮው ስለደከመ ድምፁን ጮክ ያደርገዋል፣ ሁሉም ይሰማል።

«ፓራስካ፣ ቤቱ ሞቀ! ሃያ ሁለት ነው። ኔስቶር በሸሚዝ ተቀምጧል። ነገ መጥቼ ልውሰድሽ?»

«ከየት አመጣህ?» አለች።

እየተደናቀፈ ነገራት። ያ ገንዘብ፣ ያ የፈራነው፣ የኛው ኖሯል። የግብሩ ተመላሽ ነው። ከመጀመሪያውም የኛ ነበር።

ወንበር ስባ ስትቀመጥ ተሰማን።

«ጠይቅ አላልኩህም?» አለች።

«ብለሻል። ረድፉ ላይ ግን አንድም ሰው...»

«ረድፉ ላይ በረደኝ ያለ ሰው ነበር?»

ዋሲል አሰበ። የምሩን ነው ያሰበው። «የለም» አላት።

«እኔ ብያለሁ» አለች ፓራስካ። «ሁለት ክረምት ሙሉ ብያለሁ። ለገና ልጄ ዘንድ ነኝ፣ ዋሲል። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።»

ስልኩ ተዘጋ። ዋሲል እጀታውን እንደያዘ ቆመ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፣ ኮቱ አሁንም ላዩ ላይ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የዋሲል ጆሮም የኛን ወሬ ሁሉ ሰምቶ የፓራስካን ብርድ አላሰማውም።

«ኔስቶር» አለኝ፣ «አሁን ማንን ልቆጣ? ግብሩን እንዳልል መልሰውልኛል። አልወሰዱም እንዳልል ወስደዋል። ማንን ነው የምቆጣው?»

እኔን ተቆጣ ልለው አፌን ከፈትኩ። ድፍረቱን አጣሁና «መስኮቱን ትንሽ ልክፈተው?» አልኩት።