የልብስ ውሃ የተባለው ድስት

የፀሐይ ምድጃውን ወደ እናቴ ቤት ያመጣሁት በበቅሎ ጭኜ ነው። ከገሳይ ወደ ጉና በሚያወጣው መንገድ መስታወቱ እንዳይሰበር ጋቢዬን ጠቅልዬበት፣ እኔ በሸሚዝ እየተንቀጠቀጥሁ። ደብረ ታቦር ያለው መሥሪያ ቤት የቀጠረኝ ማንበብና መጻፍ ስለምችልና እግሬ አንድ ቦታ ስለማያርፍ ነበር። ሥራዬ ምድጃውን ለገጠር ሴቶች ማሳየት ነው። የነበሩን ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱን ለእናቴ መንደር ለማስመደብ አለቃዬን ደጅ የጠናሁትን እኔ ነኝ የማውቀው።

ምክንያቱ ዓይኗ ነው። በኛ ሰፈር እንጨት ስለሌለ የሚነደው ኩበት ነው። የኩበት ጭስ ዓይኗን አቅልቶት፣ ሌት ተቀን ያለቅሳል። ስትፈትል ክሩ ከተበጠሰ ጫፉን ማየት ስለማትችል እህቶቼን ትጠራለች። የደብረ ታቦር ሆስፒታል ሐኪም «ከጭስ ካልራቁ ይጠፋል» ብሏት ነበር። «ከጭስ ርቄ ምን ልብላ?» ብላው ተመለሰች።

ምድጃው ውስጡ በቆርቆሮ ተለብጦ ጥቁር ቀለም የተቀባ የእንጨት ሣጥን ነው። ክዳኑ መስታወት ነው፤ ከኋላው ፀሐይን ወደ ውስጥ የሚመልስ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ቆሟል። እንጀራ አይጋግርም። ድንችና ባቄላ ግን ጠዋት ሦስት ሰዓት ከገባ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳል። ግቢው መሃል ጥላ በማይነካው ቦታ አስቀምጬ አሳየኋት። ዞራ ዞራ አየችው።

«መንገደኛው ሁሉ እያየው ነው የሚበስለው?»

«ታዲያ ፀሐይ ቤት ውስጥ ትግባልሽ?»

«በሰው ዓይን የበሰለ ምግብ ለእህቶችህ አላበላም።»

በኛ ዘንድ ድስት ይከደናል፤ ለአራሽ ምሳ እንኳ የሚወሰደው ተሸፍኖ ነው። የተመኘ ዓይን ያረፈበትን ምግብ የበላ ይታመማል። እኔ ያኔ ስለ ጎጂ ልማድ በየስብሰባው የምሰማውን ሁሉ የማምን ሰው ነበርሁ። በመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ጀርባ ላይ በዓይን ፈሪዎች የሚሳለቅ ግጥም ጽፌ አነበብሁላት። እንዝርቷን ሳታቆም እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ቤቱስ መትቷል» አለች። «ጭሱን ግን አልቀነሰልኝም።»

አኩርፌ ከመሄዴ በፊት ዋናውን ነገር ነገርኋት፦ በሁዳዴ እኩሌታ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ምግብ ካልተበሰለበት ምድጃው ወደ ሌላ ገበሬ ማህበር ይሄዳል።

ጾሙ ከገባ በኋላ ስመለስ ሣጥኑ ፀሐይ ላይ ነው። ውስጡ በሊጥ የታሸገ ድስት ተቀምጧል። ገና ሰላም ሳልላት ጎረቤቷ ከአጥሩ ማዶ ተጣራች፦

«እትዬ፣ የዛሬው ልብስ ፈላ?»

«ሊፈላ ነው!» አለች እናቴ፣ እኔን በዓይኗ ዝም እያሰኘች። ቤት ከገባን በኋላ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ምን ላድርግ! የልብስ ውሃ ነው አልኋቸው። የልብስ ውሃ የሚመኝ ማን አለ?»

ድስቱ ውስጥ ድንችና ባቄላ ነበር። ሁዳዴ ደግሞ ተስማምቷት ነበር፤ ቅዳሴ ወጥቶ እስኪበላ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚሆን የሚቸኩል የለም። እኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህን ያሰበ አልነበረም። የዓይኗ ቅላት ጎደል ብሏል። ያን ቀን የተበጠሰውን ክር ራሷ ስትቀጥል አየሁ። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ምን እንደምንለው ግን ሁለታችንም አላሰብንም።

የመጣው በቀትር ነው፣ እኔው መንገድ እየመራሁት። ካኪ የለበሰ፣ ጥቂት የሚናገር ሰው ነበር። የጎረቤት ሴቶችን አስጠርቶ መዝገቡን ከፈተ።

«እናቶች፣ በዚህ ምድጃ ምግብ ይበስላል?»

«ኧረ በጭራሽ!» አለች ያችው ጎረቤት፣ የጠቀመች መስሏት። «ልብስ ነው የሚቀቀልበት። እዩዋት፣ ቀሚሷ እንዴት እንደነጣ!»

መዝገቡን ዘጋ። «ለልብስ አልተሰጠም» አለኝ። «በቅሎዋን አምጣና ጫነው።»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትሁ፤ ግን ምስጢሩ የእሷ ነው። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። በቅሎዋን እየጎተትሁ፣ እርምጃዬንም እየጎተትሁ ስመጣ «ቆይ» አለች። ወደ ሣጥኑ ሄዳ መስታወቱን አነሳች፤ ሊጡን ሰብራ ድስቱን ከፈተችው። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው።

ሴቶቹ አንገታቸውን ወደ ድስቱ አሰገጉ።

«በማርያም!» አለች ጎረቤቷ። «ይሄን ሁሉ ቀን?»

«ይሄን ሁሉ ቀን።»

«እኔ ደግሞ የሦስት ሴት ልብስ እንዴት ይሄን ያህል ያድፋል እያልሁ ሳማሽ!»

«እንግዲህ አይታችኋል» አለች እናቴ። «ያየ ሁሉ ይቀምሳል። ሳይቀምስ የሚወጣ የለም።»

ያየ ከቀመሰ ዓይኑ አይጎዳም። ግን ሰዓቱ ገና ስድስት ነው፤ ጾም ነው፤ ባቄላውም አልበሰለም። ድስቱን ከድና መስታወቱን መለሰች። ሴቶቹ የቤቱን ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አየ።

«አይቻለሁ እናቴ፣ እመዘግበዋለሁ። እኔ ልሂድ።»

«አይሆንም ጌታዬ፤ ጓድ ማለቴ ነው። አይተዋል፣ ይቀምሳሉ። ድንቹ በስሏል፤ ላንቱ አሁን ላውጣ?»

የመንግሥት ሰው አይጾምም ብላ ነው። እሱ እኔን አየ፣ ሴቶቹን አየ፣ ድምጹን ዝቅ አደረገ።

«ከሰዎቹ ጋር ይሁንልኝ።»

በዚያ ዘመን የመንግሥት ሰው መጾሙ ጮክ ተብሎ የሚነገር ነገር አልነበረም። እኔ የምድጃውን ቆርቆሮ ወደ ፀሐይ የማስተካክል መሰልሁ። ሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጠ፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

የቅዳሴው መውጫ ደወል ሲሰማ እናቴ ለየሰዉ አንዳንድ ድንችና እፍኝ ባቄላ አደለች። ለእህቶቼ የተረፈው ጥቂት ነው። ሰውየው ከመቅመሱ በፊት ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። በልቶ እጁን ታጠበ፣ መዝገቡን ከፍቶ «ይበስልበታል» ብሎ ጻፈ። ምድጃው ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቷ በሊጥ የታሸገ ድስት ይዛ ከተፍ አለች። ከኋላዋ ሌላዋ። ሣጥኑ የሚይዘው ሁለት ትናንሽ ድስት ነው። እናቴ ሁለቱንም ተቀብላ አስገባችና ቤት ገብታ ኩበት አያያዘች።

እኔ ተቆጣሁ። «ያመጣሁት ላንቺ ዓይን ነው!»

ጎንበስ ብላ እሳቱን እፍ እያለች፣ እንባዋ እየወረደ መለሰችልኝ፦ «ነገ ተራው የኔ ነው። እነሱስ ዓይን የላቸውም?»

በቅሎዋን ጭኜ ሳይሆን ባዶዋን እየነዳሁ፣ አለቃዬን እንደገና ደጅ ልጠና ያንኑ ቀን ወደ ደብረ ታቦር ወረድሁ። ሁለተኛው ምድጃ መሥሪያ ቤቱ ደጅ ላይ ለጎብኚ ተቀምጦ፣ ባዶውን ፀሐይ ይሞቅ ነበር።